ከቤት የሚማር ልጅ ደብተሩን የሚያርምለት ይፈልጋል

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በወሎ ልጆች ከትምህርት ገበታ መራቃቸው የአንድ ሰሞን ጉዳይ ሆኖ አልቀረም። መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ መጣ፣ ከዚያም ወዲህ ደጋግመው የተዘጉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። በተዘጋ ቁጥር የሚደረገውም ያው ነው። መምህሩ መጽሐፉን በፒዲኤፍ ወይም ማስታወሻውን በፎቶ ቴሌግራም ላይ ይለቃል፣ ወላጅ ስልኩን ለልጁ ይሰጣል፣ ልጁ ቁጭ ብሎ ይገለብጣል። ደብተሩ ይሞላል። የገለበጠው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ስንፍና አይደለም። ክፍል ውስጥ መምህሩ ልጁ የቱ ጋ እንደሳተ አይቶ እዚያው ያቃናዋል፤ ከቤት ሲማር የሚጎድለው ይኸው ነው፣ ስልክም አይተካውም።

ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ክፍል ልጅ 52 ሲቀነስ 27 ስጡትና እዩ። ብዙ ልጆች 35 ብለው ይጽፋሉ። ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲላቸው ገልብጠው ከ7 ላይ 2 ቀንሰው 5 ያሉ፣ ከ5 ላይ 2 ቀንሰው 3 ያሉ ናቸው። ይህን ያላዩለት ልጅ ሃያ ጥያቄ ሲሠራ ስህተቱን ሃያ ጊዜ ያጠናዋል። መድኃኒቱ ከጓሮ አይጠፋም። የማሽላ አገዳ ወይም ጭራሮ በጣት ቁመት 60 ያህል ቆርጦ አሥር አሥሩን በክር ማሰር ነው። 52 አምስት እስርና ሁለት ነጠላ ይሆናል። ሰባት ነጠላ አንሣ ሲባል ልጁ ያለው ሁለት ብቻ መሆኑን በዓይኑ ያያል። አንዱን እስር ይፈታል፤ አራት እስርና 12 ነጠላ ይይዛል። ከ12ቱ ሰባት፣ ከአራቱ እስር ሁለት ሲያነሣ 25 ይቀረዋል። እባካችሁ እስሩን ራሱ ይፍታው። ቸኩላ እህቱ ከፈታችለት ትምህርቱን የተማረችው እሷ ናት። አምስት ስድስት ሒሳብ በጭራሮው ከሠራ በኋላ ወደ ደብተሩ ይመለስ።

ፊደልም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» እያለ በዜማ የሚወርድ ልጅ ሁሉ ፊደል ለይቷል ማለት አይደለም፤ ዜማው ይዞት ሊሄድ ይችላል። ከካርቶን 35 ቁራጭ አዘጋጅቶ አምስት ፊደላትን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ መጻፍ፣ ከዚያ ማደባለቅና አንድ አንዱን እያነሡ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነና ኘ፣ ተና ቸ፣ ጠና ጨ አብረው ይቅረቡ። ልጁ ብዙ ጊዜ የሚቆምባቸው ሳድስና ሳብዕ ናቸው፤ ቅርጻቸው እንደ ካዕብ ከፊደል ፊደል ወጥ ስላልሆነ እነሱን ለብቻ ማስደጋገም ይገባል።

«እኔ ያልተማርኩት ምን ላግዘው?» የሚሉ እናቶች አሉ። ብዙ ማገዝ ይችላሉ። ቡና ሲፈላ ልጁ አጠገባቸው ይቀመጥ። አቦሉ ላይ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ቶናው ላይ መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን በራሱ አነጋገር ያስረዳቸው። የመጽሐፉን ቃል ሳይለውጥ ከደገመ፣ ወይም «ለምን?» ሲሉት ከቆመ፣ ያ ቦታ አልገባውም ማለት ነው። ገጹን ወረቀት ይሸጉጡበት፤ ለመምህሩ የሚላከው ጥያቄ እሱ ነው። ይህን ለመስማት ማንበብ መቻል አይጠይቅም።

አገሩም ለዚህ እንግዳ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤትም በመድረሳም ቀደም ያለው ተማሪ ተከታዩን ሲያስጠና የኖረ ነው። በአንድ መንደር አራት አምስት ልጆችን ሰብስቦ የሰባተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ በቀን ግማሽ ሰዓት እንዲያዳምጣቸው ማድረግ ይቻላል። የሱ ሥራ መልስ መስጠት ሳይሆን «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ መጠየቅ መሆኑ አስቀድሞ ይነገረው፤ ካልተነገረው መልሱን እየጻፈላቸው ይሄዳል፣ ደብተራቸውም ያለ ስህተት ይመጣል።

ኔትወርክም መብራትም በሌለበት ቀበሌ ደብተር በገበያ ቀን ይመላለስ። የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ የማይወርድ ቤተሰብ ጥቂት ነው፤ ሌላውም የየራሱ ገበያ አለው። ለአንድ ትምህርት ሁለት ስስ ደብተር ይያዝ፤ አንዱ መምህሩ ዘንድ ሲታረም ልጁ በሌላው ይሠራል፣ በሚቀጥለው ገበያ ይቀያየራሉ። በአንድ ደብተር የሞከሩት ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ባዶ እጁን ስለሚቀመጥ አይዘልቅም። በየሽፋኑ ስም፣ ክፍልና ቀበሌ ይጻፍ፤ ያለዚያ መቀላቀሉ አይቀርም። መምህራንም ሁሉን እናርም ብለን አንታክት። ከአንድ ልጅ አምስት ጥያቄ በደንብ ማየትና ኤክስ አድርጎ ከማለፍ ይልቅ የሳተበትን መስመር ማክበብ ይበቃል።

ስልክ ላላቸው ደግሞ። ሙሉ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ትልቅ ፋይል ነው፤ በሌሊት ጥቅል አንድ ሰው ያውርደውና ለጎረቤቱ በብሉቱዝ ወይም በዜንደር ያስተላልፍ፣ ካርድ አይበላም። ቴሌግራም ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ከሴቲንጉ ይዘጋ፤ ጥቅሉ ሳያውቁት የሚያልቀው በዚህ ነው። ልጁ ሲያነብ ስልኩ ፍላይት ሞድ ላይ ይሁን። የሠራውን ሲልክ ደብተሩን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ በቀን ብርሃን፣ ጥላው ሳያርፍበት፣ ከላይ ቀጥ ብሎ አንድ ገጽ በአንድ ፎቶ ያንሣ። በጎን የተነሣና ግማሹ የጠቆረ ደብተር አይታረምም። ከአራተኛ ክፍል በታች ላሉት ግን ስልክ ከናካቴው ባይሰጥ እመርጣለሁ።

በሬዲዮ የሚከታተል ልጅ የሚባለውን ሁሉ ልጻፍ ካለ መስማቱም መጻፉም ያመልጡታል። ቁልፍ ቃል ብቻ ይያዝና ሲያልቅ ወዲያው ይናገረው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ለትንንሾቹ 20 ደቂቃ፣ ከፍ ላሉት 40 ደቂቃ ሠርቶ ማረፍ ይሻላል። ከብት የሚያግድ ልጅ ሲመለስ ደክሞት ይተኛል፤ ስለዚህ ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ይሁን። ውሃ የምትቀዳ ልጅም ሰዓቷ በቀን መጨረሻ የተረፈው እንዳይሆን ወላጆቿ አስቀድመው ይቁረጡላት። በደጋው የበልግ ሥራ ሲበረታ ሰዓቱ ይጠር እንጂ አይሰረዝ። አንዴ ከተቋረጠ ለመመለስ ብዙ ቀን ይፈጃል።

ለጋዜጣችሁም አንድ ልመና አለኝ። ጋዜጣው ስልክ የማይደርስበት ቤት ይደርሳል፤ ባይሆን ዕቃ ተጠቅልሎበት ይገባል። በየሳምንቱ ሩብ ገጽ ሰጥታችሁ ለ3ኛ፣ ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል አምስት አምስት የሒሳብ ጥያቄ ብታወጡ፣ መልሱን ግን እዚያው ገጽ ላይ ሳይሆን በሚቀጥለው ሳምንት ከነአሠራሩና ልጆች ከሚስቱበት ቦታ ጋር ብታትሙ፣ ጥያቄዎቹን አዘጋጅተን የምንልክ መምህራን በደሴም በወልድያም አለን።

አክባሪያችሁ
የመጀመሪያ ደረጃ መምህር፣ ከደሴ