ያቺ ሩጫ በሰዓት አልተለካችም

የኔ እናት፣

ቅዳሜ ከሜዳ ስንመለስ መኪና ውስጥ ላዋራሽ ፈልጌ ነበር። ማዳመጫሽን ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ወደ መስኮቱ ዞርሽ። ትረፍ ብዬ ተውኩሽ። ግን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይኸው ልጽፍልሽ ተነሣሁ።

የ20 ሜትሩ ፈተና ላይ ከመጨረሻ ሦስተኛ መውጣትሽ እንዳንገበገበሽ አውቃለሁ። «ፍጥነት ምንም አይደለም» ብዬ አላጽናናሽም፤ ውሸት ይሆንብኛል። ፉቲ ላይ፣ በዚህ በአውስትራሊያ እግር ኳስ፣ ፍጥነት ትልቅ ነገር ነው። ኳሷ ከተፋፈጉት መሀል ስትወጣ አንድ እርምጃ የቀደመች ልጅ ቀና ብላ፣ ጓደኛዋን አይታ ትመታለች። ያልቀደመችው ማሊያዋን እየተጎተተች ወዳገኘችው ትለጋለች። ሜዳውም ሰፊ ነው። ትልቁ የሜልበርን ስታዲየም ኤምሲጂ ርዝመቱ 160 ሜትር ገደማ ነው፤ እኔ ኳስ የተጫወትኩበት ሜዳ መቶም አይሞላም። በሴቶቹ ሊግ ደግሞ በ18 ፋንታ 16 ሆነው ነው የሚጫወቱት። ክፍት ቦታው ይበዛል፤ እግር ያላት ትጠቀምበታለች።

(ኤምሲጂን ካነሳሁ አይቀር፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተወዳደረችው በ1956 (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ሜልበርን ነው። ማሞ ወልዴ እዚያ ሜዳ ላይ 800 እና 1500 ሜትር ሮጧል። ሜዳሊያ አላገኘም። የማራቶን ወርቁን ሜክሲኮ ላይ ሲያጠልቅ 12 ዓመት አልፎ ነበር።)

አሁን ወደ ቅዳሜው ልመለስ። አራተኛው ሩብ ሊያልቅ ሲል የእነሱ የክንፍ ተጫዋች ኳሷን ይዛ አመለጠች። ፈጣን ልጅ ናት። የእኛዎቹ ቆመው ያዩ ነበር። አንቺ ከሜዳው ማዶ ተነስተሽ ሮጥሽ። በፉቲ ሕግ ኳስ ይዞ የሚሮጥ በየ15 ሜትሩ መሬት ማስነካት አለበትና፣ 15 ሜትር ሞልቶባት ኳሷን መሬት ላይ ልታነጥር ስትል ፍጥነቷ ቀነሰ። ያኔ ደረስሽባት፤ ወገቧን ይዘሽ ጣልሻት፣ ዳኛዋም ኳሱን ለእኛ ሰጠች። ጎል ልትሆን የነበረች ኳስ ናት። ያቺን ሩጫሽን ማንም በሰዓት አልለካትም። እኔ ግን አጥሩን ይዤ እንደ እብድ ስጮህ ነበር።

ይህን ያልኩሽ ልጄ ስለሆንሽ አይደለም። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የሲድኒ ኦሊምፒክ ጊዜ ደሴ ነበርኩ፤ ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን ፊት ተጨናንቀን ተቀምጠናል። ኃይሌ ገብረሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 10 ሺህ ሜትር ሮጠው፣ የመጨረሻዋ ቀጥታ መንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ። ኃይሌ በ0.09 ሰከንድ ቀደመ። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ አንደኛውና ሁለተኛው የተለያዩበት ጊዜ እንኳ ከዚህ ይበልጣል! ቤቱ በእልልታ ሲናወጥ ትዝ ይለኛል። ኃይሌን ትኩስ እግር ይዞ 20 ሜትር ብታስሮጪው ስንተኛ እንደሚወጣ እንጃ። በደከመ እግር መፍጠን ግን ሌላ ነው። ቡድናችሁ በአራተኛው ሩብ የሚያስፈልገው ይኼኛው ነው፣ አንቺ ደግሞ አለሽ።

የጎደለሽ የመነሻው ነው። ሳይሽ ገና በሁለተኛው እርምጃ ቀና ትያለሽ። አምስት እርምጃ እስክትሄጂ ድረስ ጎንበስ እንዳልሽ መሬቱን ወደ ኋላ ግፊው። እጅሽንም አትርሺው፤ ስትነሺ እንደታሰረ ነው የሚቀረው።

ማክሰኞ ማታ ፈረቃ የለኝም። 11 ሰዓት ላይ ፓርኩ ጋ እንሂድ፣ 20 ሜትሩን እኔ እለካዋለሁ፣ ሰዓትም እይዛለሁ። የታኬታሽን ጭቃ አራግፌ በረንዳው ላይ አስጥቼዋለሁ።

አባትሽ