ቆርጠም ቆርጠም፦ የቴአትርና ሥነ ጽሑፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የዘንድሮው ዓመት ለክበባችን የ«ሃንሰልና ግሬተል» ዓመት ነበር። ጫካ ስለተጣሉ ወንድምና እህት የሚናገረውን ይህን የጀርመን ተረት በቴአትር አዘጋጅተን ለወላጆች ቀን አሳየን። ጥቅምት ላይ 34 ሆነን ጀመርን፤ ሰኔ ላይ 23 ሆነን ጨረስን። የወጡት አብዛኞቹ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ያለባቸው ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ስለ ረቡዕ ስብሰባዎቻችን ብዙ አልጽፍም። ሰብሳቢ መረጥን፣ ድርሰት አነበብን፣ ለዓድዋ በዓል ግጥም አቀረብን። የቀረው ጊዜ ሁሉ የሄደው ለዚህ ተረት ነው።

«ምነው የፈረንጅ ተረት? የራሳችን አለቀ እንዴ?» ያሉኝ ወላጆችም ባልደረቦችም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለኝ። ተረቱን የጻፉት ጀርመናውያን ወንድማማቾች ያኮብና ቪልሄልም ግሪም ከሆዳቸው አላወጡትም። ካሰል በምትባል የጀርመን ከተማ ሆነው ከወዳጅና ከጎረቤት አፍ እየሰሙ ነው የጻፉት። የመጀመሪያው የተረት መጽሐፋቸው በ1812 እ.ኤ.አ. ወጣ። ይህን ለልጆቹ ከነገርኳቸው በኋላ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። «እናንተም ከአያት ወይም ከጎረቤት አንድ ተረት ሰምታችሁ፣ ጽፋችሁ ኑ» አልኳቸው። 19 ተረት መጣ። ዘጠኙ የጅብ ነው። ሁሉም በአንድ ደብተር ተገልብጦ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ሄዳችሁ አንብቡት። ያ ደብተር የተገኘው በዚህ የፈረንጅ ተረት ሰበብ ነው።

ታሪኩም ቢሆን ከእኛ ሩቅ አይደለም። እንጨት ቆራጩ ልጆቹን ጫካ ጥሎ የሚመለሰው በአገሩ ትልቅ የኑሮ ውድነት ስለገባ ነው። ውድነቱን እኔ አልጨመርኩትም፤ ጀርመንኛው ላይ ያለ ነው።

የክበባችን ልጆች አብልጠው የወደዱት ጫካ ውስጥ የምትኖረው ጠንቋይ የምትጠይቀውን ጥያቄ ነው። የቤቷ ግድግዳ ዳቦ፣ ጣሪያው ኬክ፣ መስኮቱ ስኳር ነው። ሃንሰልና ግሬተል ተርበው ሲገምጡት ከውስጥ በዜማ ትጠይቃቸዋለች። ጀርመንኛው ሲነበብ ራሱ የመቆርጠም ድምፅ አለው። ያንን ድምፅ በአማርኛ ለማምጣት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እንዲህ ሆነ፦

«ቆርጠም ቆርጠም፣
ማነው ቤቴን የሚቆረጥም?»
«ነፋስ ነው ነፋስ፣
የሰማይ ልጅ የሚነፍስ።»

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ማይኩን አፉ ሥር ይዞ ዳቦ ቆሎ ይቆረጥማል። ድምፁ እስከ አዳራሹ መጨረሻ ይሰማል። አሁን በእረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ «ቆርጠም ቆርጠም» የማይል ልጅ የለም።

ጥር መጨረሻ ላይ የገጠመንን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ገጸ ባሕርያቱን ስንከፋፈል ልጆቹ ጫካ ይጣሉ የምትለው «የእንጀራ እናት» ጋ ደረስን። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኔን የምታሳድገኝ የእንጀራ እናቴ ናት። እንደዚህ አይደለችም» አለችና ተቀመጠች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ቤቴ ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። በ1812ቱ እትም ልጆቹ ጫካ ይጣሉ የምትለው የገዛ እናታቸው ናት። የእንጀራ እናት የሆነችው ኋላ፣ በ1840 እትም ነው። በሚቀጥለው ረቡዕ ይህንኑ ነገርኳቸው። ሰዓቱን ሙሉ ሲከራከሩ ዋሉ። «የወለደች እናት ከሆነችማ ይብሳል» ያለ ነበር። «የራባት እናት በሏት» ያለችም ነበረች። በመጨረሻ ጽሑፋችን ላይ «የእንጨት ቆራጩ ሚስት» ብቻ ብለን ጻፍናት። «ማን ይጫወታት?» ስል ያቺው ልጅ ተነሣች።

ልምምድ ላይ «ጮክ በይ፣ ክፉ ሁኚ» እላት ነበር። ሌሊት ከባሏ ጋር የምትማከርበት ቦታ ነው፤ ቤት የቀረው ግማሽ ዳቦ ብቻ ነው። እሷ ግን መሬት መሬት እያየች፣ የሽርጧን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች፣ በቀስታ ተናገረችው። ደግማ እንድትሞክር ስጠይቃት «ቲቸር፣ የራበው ሰው እኮ አይጮህም» አለችኝ። ተውኳት። ልክ ነበረች።

ሽርጡን ከራሳቸው አሮጌ ቀሚስ ቆርጠው የሰፉላት የእንጀራ እናቷ ናቸው። የወላጆች ቀን ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው አዩት። ሲያልቅ መጥተው እጄን ያዙና «ልጄ ጎበዝ አይደለች?» አሉኝ። «በጣም» አልኳቸው። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ጠንቋይዋ ምድጃ ውስጥ መግባቷ ለትንንሾቹ ይከብዳል፣ ይቅር ያሉን ነበሩ። አላስቀረነውም። ልጆች ክፉው ነገር ማለቁን በዓይናቸው ማየት ይፈልጋሉ። ግሬተል ስትገፋት መብራት ጠፋ። ወላጆች ስልካቸውን አበሩልን፤ ልጆቹ አንድ ቃል ሳይዘሉ ቀጠሉ። አንደኛ ክፍሎች ቆመው አጨበጨቡ። ያለቀሰ ልጅ አላየሁም።

ያልተሳካልንም አለ። አዳራሹ ለፈተና ስለተያዘ ዝግጅታችን ሁለት ሳምንት ተገፋ። መጨረሻ ላይ ሃንሰልና ግሬተልን ሐይቅ የምታሻግረውን ዳክዬ መሥራት አቅቶን ትዕይንቱን ቆረጥነው። አሁንም ይቆጨኛል። ምድጃችን ጥቁር የተቀባ የቴሌቪዥን ካርቶን ነው። መጋረጃችን ከቤቴ ያመጣኋቸው ሁለት አንሶላዎች ናቸው። በዓመቱ ለክበቡ የደረሰው ግማሽ እሽግ ወረቀትና ሁለት ማርከር ነው። ለስፖርት ክበቡ ኳስ ሲገዛ ከልቤ ደስ ይለኛል፤ ልጆቹ ያው የእኛው ልጆች ናቸው። ነገር ግን 23 ልጆች ስድስት ቅጂ ጽሑፍ እየተቀባበሉ ቃላቸውን ማጥናት አልነበረባቸውም።

ለ2018 ልጆቹ የመረጡት ከ19ኙ ተረቶች አንዱን የጅብ ተረት ነው። የሚያስፈልገን 20 ሜትር ጥቁር ጨርቅ፣ አንድ ተጨማሪ ማይክ፣ የጽሑፍ ማባዣ ገንዘብና ጨርቁን የሚሰፋልን ሰው ነው። መርዳት የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ታገኙናላችሁ። ጨርቁን መስፋቱን ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት እናት ከወዲሁ ተቀብለውናል፤ አንድ ሰው ቢያግዛቸው ደግሞ ጥሩ ነው።