«ዞረብኝ» ስትል ጆሮዋን የጠየቃት አልነበረም

ጤና ይስጥልኝ የጋዜጣው አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። የጤና ዓምዳችሁ አያመልጠኝም። ስለ ግፊትና ስለ ስኳር ብዙ ጽፋችኋል፣ ስለሚመግል ጆሮ ግን አንድም ቀን አላነበብኩም።

የእናቴ ግራ ጆሮ ከልጅነቷ ጀምሮ ይመግላል። ሲብስባት የጤና አዳም ጭማቂ በዘይት ጠብ ታደርግበታለች፣ ጥጥ ትወትፍበታለች፣ ያልፋል። እኛም ለምደነው ነበር። አምና ክረምት ላይ ግን ማዞር ጀመራት። ጨለማ ላይ ይብስባታል፤ ፊቷን ልትታጠብ ዓይኗን ጨፍና ሁለት ጊዜ ወድቃለች። አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ኪዳን አድርሳ ቁልቁለቱን አጥር እየያዘች ስትወርድ፣ አንድ ሰውዬ «በጠዋቱ ቀምሰዋል መሰል» አለ። ያውም በጾም! ቤት ገብታ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

የሄድንበት ሁሉ ደም ማነስ ነው፣ ግፊት ነው፣ ጨጓራ ነው ተባልን። 8 ወር ሙሉ ኪኒን ዋጠች። ጆሮዋን ያየላት የለም።

በመጨረሻ ያገኘናት የጆሮ ሐኪም ገና ከመቀመጣችን «እናቴ፣ ጆሮዎ ይመግላል?» አለቻት። ከዚያ ከጆሮዋ ቀዳዳ ፊት ያለችውን ትንሽ ሥጋ በጣቷ ጫን አደረገች። እናቴ «ቤቱ ዞረ!» ብላ ወንበሩን ጨበጠች፣ ዓይኖቿ ወዲያና ወዲህ ሲርገበገቡ እኔም አየሁ።

ለካ ውስጠኛው ጆሮ ለመስማት ብቻ አይደለም። ፈሳሽ የያዙ 3 ቀጫጭን ቅስት ቱቦዎች አሉት፤ ራሳችንን ስናዞር ፈሳሹ ይንቀሳቀሳል፣ አንጎል በዚያ ሚዛናችንን ይጠብቃል። እሱ ሲጎዳ ሰው በዓይኑ ነው የሚደገፈው፣ ለዚህ ነው ጨለማ የሚጥላት። ጆሮ ለዓመታት ሲቆጣና ሲመግል ደግሞ ከታምቡሩ ጀርባ የሞተ ቆዳ እየተከማቸ ሊያድግ ይችላል፣ ኮሌስቴያቶማ ይሉታል። ካንሰር አይደለም፣ ግን አጥንት ይበላል። የእናቴን የሚዛን ቱቦ ሽፋን በልቶት ነበር። ዝም ከተባለ ወደ አንጎልም ይዘልቃል።

ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። በዚያ ጆሮ መስማቱ እንደ ድሮው አልሆነም፣ መንገዳገዱ ግን እየቀነሰ ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አውራ ጣቷን ፊቷ ላይ አቁማ፣ ዓይኗን ከጣቷ ሳትነቅል ራሷን ግራና ቀኝ ታዞራለች። አንጎሏን እያለማመደች ነው።

እባካችሁ አንድ የጆሮ ሐኪም ጠይቃችሁ በደንብ ጻፉበት። ከ2 ሳምንት በላይ የመገለ ጆሮ መታየት እንዳለበት፣ ታምቡሩ የተበሳ ጆሮ ውስጥ ዘይትም ሆነ በግምት የተገዛ ጠብታ እንደማይገባ ጻፉ። ጄንታማይሲንን የመሰሉ ጠብታዎች ራሳቸው ሚዛኑን ሊጎዱት ይችላሉ። የሚመግል ጆሮ ያለው ሰው ዞረብኝ ካለ ደግሞ ነገ ዛሬ አይባልም።

ያ ሰውዬም ይህን ካነበበው ይወቅልኝ፤ እናቴ ጠላ እንኳ ቀምሳ አታውቅም።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር