የሳይንስ ክበብ፦ ዓመቱን ከሀሪኬን ጋር

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ርዕስ ብቻ ይዞ ከረመ፤ ሀሪኬን፣ ማለትም ባሕር ላይ የሚነሣ፣ እየዞረ የሚጓዝ ግዙፍ የነፋስና የዝናብ አውሎ። የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። እኔ ከየርዕሱ ትንሽ ትንሽ ብንቀምስ ይሻላል ባይ ነበርኩ፤ በድምፅ ተሸነፍኩ።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ብዙም አያስወራም። ሀሪኬን ጉልበቱን ከሞቃት ባሕር እንደሚያገኝ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ እንደሚዞር አነበብን። መሐሉ ላይ ጸጥ ያለው ዓይን፣ በዙሪያው ኃይለኛው ነፋስ ያለበት የዓይን ግድግዳ እንዳለም እንዲሁ።

ነገሩ የጣፈጠው ጠመዝማዛዎቹ የዝናብ ቀበቶዎች፣ ማለትም በዓይኑ ዙሪያ የሚጠመዘዙት ረጃጅም የዝናብ ደመና ሰልፎች ላይ ስንደርስ ነው። ተማሪዎቹ የሳተላይት ፎቶ አይተው ቀበቶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ዝናብ አድርገው ሳሉት። የራዳር ተንቀሳቃሽ ምስል ስንከፍት ግን ሥዕሉ አላዋጣም። በዋናው ቀበቶ ላይ ነፋሱ የሚመጣበት የውጪው ጫፍ አዳዲስ ደመና የሚወለድበት ነው። አየሩ በኃይል ሽቅብ ይወጣል፣ ዝናቡም ዶፍ ነው። ደመናው በነፋሱ እየተገፋ ቀበቶውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ሲጓዝ ያረጃል። ሌላኛው ጫፍ ሲደርስ ሰፋ ብሎ የተኛ፣ ቀለል ያለ ዝናብ ይሆናል። ጨቅላውም ሽማግሌውም አንድ ቀበቶ ላይ ተሰልፈዋል ማለት ነው።

“ደመናው ከሄደ ቀበቶው ለምን አይሄድም?” አለች አንዷ። የዓመቱ ምርጥ ጥያቄ ነው። ይህ ዋና ቀበቶ ከማዕከሉ አንጻር ሲታይ ብዙም ቦታውን አይለቅም። የሚያልፉት ደመናዎቹ ናቸው፤ ከኋላ ሌሎች ይተካሉ። በዓይኑ ዙሪያ የሚዞሩ ትናንሽ ቀበቶዎችም አሉ። በቀበቶዎች መካከል ክፍተት ስላለ፣ ሀሪኬን ሲቃረብ ዝናቡ መጣ ሄደ ይላል። አባራ ብሎ የወጣ ሰው ጉድ ይሆናል።

ቀጥሎ ክርክር አዘጋጀን፦ ቀበቶዎቹ ለሀሪኬኑ ወዳጅ ናቸው ወይስ ጠላት? የጠላት ወገን ጥሩ ተዘጋጅቶ መጣ። የዝናቡ ጠብታ ሲተን አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ቀዝቃዛ አየር ወደ ዓይን ግድግዳው ከገባ ጉልበት ያሳጣዋል። የወዳጅ ወገን ሪታ የተባለችውን ሀሪኬን ጠራ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ተመራማሪዎች ራዳር በታጠቁ አውሮፕላኖች ውስጧ ገብተው ነበር። በውስጠኛው ግድግዳ ዙሪያ ሁለተኛ ግድግዳ ተሠርቶ፣ የውስጡን አፍኖ ሲተካው አዩ። ለሁለተኛው ግድግዳ መሠረት የሚጥሉት ቀበቶዎቹ ናቸው፤ ሀሪኬኑም በዚህ መንገድ ይሰፋል። የጠላት ወገን ወዲያው ያዛት፦ በቅያሬው ጊዜ ነፋሱ ይደክማል! ይደክማል፣ ግን ባሕሩ ሞቃት ከሆነ ተመልሶ ሊበረታ ይችላል። ዳኞቹ አቻ ብለው ለያዩ። በእኔ ሚዛን የወዳጅ ወገን በጥቂቱ ይበልጥ ነበር።

የታረመው ሥዕል ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ተለጥፏል። ለከርሞ የቀረን ጥያቄ፣ ሀሪኬን የብስ ሲነካ የውጪዎቹ ቀበቶዎች ለምን ቶርኔዶ (ከደመና እስከ መሬት የሚደርስ ጠባብ፣ ኃይለኛ የነፋስ አዙሪት) እንደሚወልዱ ነው። ምዝገባው በመጀመሪያው ሳምንት ይከፈታል።