ኪኒኗ አንድ ናት

ሚሚዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን፣ ድሬ ያው ሙቀቷ ነው። አክስትሽ ትናንት ማታ ደወለችልኝ። የላክሁልሽን ቀሽር፣ የቡናውን ገለባ፣ በወተት እያፈላሽ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ኪኒንሽን በሱ ነው አሉ የምታወራርጂው። እሱስ ይሁን፣ ቶሎ ልረዝም ብለሽ ሁለት ሁለት መዋጥ ጀመርሽ? ማን ነው የመከረሽ? ኪኒኗ አንድ ናት። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ።

ተቆጥቻለሁ፣ ግን ላስረዳሽ። አጥንት የሚረዝመው ጫፉ አካባቢ ባለው ልም አጥንት፣ ገና ባልጠነከረው ለስላሳ ክፍል ነው። እዚያ ያሉት ሴሎች ተሰልፈው ይባዛሉ፣ ከዚያ ይበስላሉ፣ ያብጣሉ፣ በመጨረሻም ቦታውን ለአጥንት ይለቃሉ። ተባዙ ከሚሏቸው ዋነኛው አይጂኤፍ 1 የሚባለው የእድገት መልእክተኛ ነው፤ ጉበትም ይሠራዋል፣ አጥንቱ ራሱም። ብሰሉ የሚላቸው ደግሞ የታይሮይድ ሆርሞን። የምትውጪው ያነሰሽን የታይሮይድ ሆርሞን ነው፣ ቲ4 የሚባለውን፤ ሰውነትሽ አንድ አዮዲን ቀንሶለት ቲ3 ያደርገዋል፣ አጥንቱ ላይ የሚሠራው በዋናነት እሱ ነው። ቲ3 ሲያንስ የእድገት ሆርሞንም ይቀንሳል፣ አይጂኤፍ 1 አብሮ ይወርዳል። ያ የዩኒፎርም ቀሚስሽ ዓመት አልፎትም ያላጠረብሽ ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ለልብስሽ የምትጠነቀቂ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር!

ሲበዛስ? መጀመሪያ ላይ ቶሎ ትረዝሚ ይሆናል። ግን ሴሎቹ ያለጊዜያቸው ይበስሉና ልም አጥንቱ ቀድሞ ይዘጋል። አንዴ ከተዘጋ ቁመት የለም። አጥንት የሚበሉት ሴሎችም ከሚገነቡት ይብሳሉ፣ አጥንትሽ ይሳሳል። ልብሽም ድው ድው ይላል። አንድ ብቻ፣ ሰማሽኝ?

ትንሹን አጎቴን በፎቶ ታውቂዋለሽ። ከጨርጨር ሲመጣ ገንደ ቆሬ እኛ ቤት ነበር የሚያርፈው። ሰው ሁሉ በሙቀቱ ሲያልበው እሱ ጋቢ ደርቦ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ቁመቱ የልጅ፣ ድምፁ ሻካራ፣ አንገቱ ላይ እንቅርት። ገበያ ላይ የማያውቁት ሁሉ «አንተ ልጅ» ይሉት ነበር፣ እሱም ዝም ብሎ ይስቃል። ያንቺን የደም ውጤት ሐኪሟ ስታስረዳኝ፣ ብርድ ብርድ ይላታል፣ ቆዳዋ ይደርቃል፣ እድገቷ ይዘገያል ስትለኝ፣ እሱን ነበር የምትነግረኝ። አንድም ቀን ደሙን ያየለት ሰው የለም። ጋቢውን ግን ሁላችንም አይተናል።

በይ አሁን ስሚኝ። እንደነቃሽ በውሃ ዋጪ፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ምንም አትቅመሺ፣ ቀሽርም ቡናም። ካልሲየምና የደም ማነስ ኪኒን ከሷ ቢያንስ 4 ሰዓት ይራቁ። ሐሙስ ለምርመራ ስትሄጂ ሳትውጪ ሂጂ፣ ደም ከሰጠሽ በኋላ ዋጪ። ሁለት ሁለት ስትውጪ እንደነበር ለሐኪሟ አንቺው ንገሪያት፣ ካልነገርሻት እኔ እደውልላታለሁ። የታክሲ ብር በአክስትሽ ቴሌብር ልኬያለሁ።

እናትሽ