ጎማው በቁጥር ሲጠራ ባለመኪናው በምን ይስማ? ለተሽከርካሪ ደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፍልዎ ከመኪናዬ ሥር ወጥቼ እጄን ከታጠብኩ በኋላ ነው። ንዴቴ ግን ገና አልበረደም። መሥሪያ ቤትዎ ስለ ጎማ ያወጣውን ማስታወቂያ አንብቤ ነበር። አንድ አምራች ጉድለት የተገኘባቸውን ጎማዎች ከገበያ እየጠራ (እየሰበሰበ) ስለሆነ ባለንብረቶች የጎማቸውን መለያ ቁጥር አረጋግጠው አስፈላጊውን እንዲያደርጉ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ቁጥሩ የት እንደሚገኝ አይናገርም። አስፈላጊው ነገር ምን እንደሆነም አይናገርም።

እኔም እንደ ደንቡ ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ። በላቲን ፊደል ዲ፣ ኦ፣ ቲ (DOT) ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ጥቂት ፊደልና ቁጥር አለ። መጨረሻው ላይ መኖር የነበረባቸው 4 አሃዞች ግን የሉም። ጎሚስታዬ ጋ ደወልኩ። ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ ውስጠኛው ጎን ላይ ነው፤ መብራት ይዘው ይዩት" አለኝ። እውነቱን ነው። ሙሉው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚታተመው በአንዱ ጎን ብቻ ነው። ያ ጎን ወደ ውስጥ ዞሮ ከተገጠመ ባለመኪናው ወይ በጀርባው ይተኛል፣ ወይ ጎማውን ያስፈታል። (በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እሱንም ማስታወቂያው ላይ ቢጨምሩት አይከፋም።)

4ቱ አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 3519 ካለ በ2019 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዓመቱ ግን እንደ ፈረንጆቹ ነው። 19ን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ጎማውን በ7 ወይም በ8 ዓመት ልጅ ያደርገዋል። አሃዞቹ 3 ብቻ ከሆኑ ደግሞ ጎማው ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው። እሱን ጥሪ ሳይጠብቁ መጣል ነው። ከዲ፣ ኦ፣ ቲ ቀጥለው የሚመጡት ፊደላት የፋብሪካውን መለያ ይይዛሉ። ይህ ሁሉ ዝርዝር ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ጎማ የሚሰበሰበው በስሙ ብቻ አይደለም። ስማቸውም መጠናቸውም አንድ ከሆነ ሁለት ጎማዎች አንዱ ተጠርቶ ሌላው ላይጠራ ይችላል። ልዩነቱ የወጡበት ፋብሪካና ሳምንት ነው።

አራቱን አይቼ ልነሳ ስል ስኮርታው ትዝ አለኝ። ማንም አያስታውሰውም። እሱም ጎማ ነው፣ እሱም ቁጥር አለው፣ የሚወጣውም ክፉ ቀን ላይ ነው። ስለ እሱ ኋላ እመለሳለሁ።

እሺ፣ ቁጥሩ ገጠመ እንበል። አስፈላጊው ነገር ምን ነበር? ማስታወቂያዎ እንዲህ ቢል ኖሮ ደስ ባለኝ፦ ጎማውን ለሸጠልዎ ሰው ወይም ለአምራቹ ወኪል ወዲያው ያሳውቁ። የቁጥሩን ፎቶና ደረሰኝዎን ይያዙ። እስኪቀየር ድረስ መኪናውን ቢያቆሙት ይመረጣል። ካልሆነ ጭነት አያብዙ፣ አያብርሩ፣ ረጅም መንገድ አይውጡ። ለሌላ ሰውም አይሽጡት። "አየነው፣ ደህና ነው" የሚል ካጋጠመዎ አይቀበሉ።

ለምን አይቀበሉም? ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ዓይን የማያየው ቦታ ስለሆነ ነው። ጥርስ ካለው የላይኛው ጎማ ሥር የብረት ሽቦ ንጣፍ አለ። ጎማውና ሽቦው በደንብ ካልተያያዙ ውስጥ ለውስጥ መላቀቅ ይጀምራሉ። ሙቀት፣ ፍጥነት፣ ጭነትና የነፋስ ማነስ ያፋጥኑታል። ከዚያ አንድ ቀን ላዩ ተልጦ ይሄዳል። ከዚያ በፊት መሪው ሊንቀጠቀጥ፣ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ሊሰማ፣ ጎኑ ላይ እብጠት ሊወጣ ይችላል። ላይወጣም ይችላል። ጥርሱ አዲስ የሚመስል ጎማ ይላጣል።

የሚፈነዳው ጎማ ሁሉ የአምራች ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። አብዛኞቻችን ነፋስ የምናስለካው ሲያሰኘን ነው። ትክክለኛው ልክ በሹፌሩ በር መቃን ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። ጎማው ላይ የተጻፈው የነፋስ ቁጥር ጣሪያው እንጂ ልኩ አይደለም። ይህ ግን የእኛ የቤት ሥራ ነው። ወደ እርስዎ ልመለስ።

የጎማ አምራቹን የፋየርስቶንን ነገር ሳያውቁት አይቀሩም። ነሐሴ 2000 እ.ኤ.አ. ኩባንያው በአሜሪካ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማ ጠራ። አብዛኛው የተገጠመው በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪና ላይ ነበር። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች ከእነዚህ ጎማዎች ጋር ያያያዟቸው ሞቶች ከ270 በላይ ናቸው። ሁለቱ ኩባንያዎች ጣት ተቀሳሰሩ። ፎርድ ጎማው ነው አለ፤ ፋየርስቶን መኪናው ነው አለ። ስለ ነፋስ ልክ እንኳን ፎርድ 26፣ ፋየርስቶን 30 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) ይል ነበር። ባለመኪናው መሃል ቆሞ ያይ ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ፎርድ በሳዑዲ ዓረቢያ እነዚህን ጎማዎች መቀየር የጀመረው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በቬንዙዌላም የቀየረው ከአሜሪካው ጥሪ በፊት ነበር። ያኔ ኩባንያ ውጭ አገር ያደረገውን ለአሜሪካ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። ኅዳር 2000 እ.ኤ.አ. አዲስ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አምራች በሌላ አገር ጎማ ወይም መኪና ሲሰበስብ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። የተሰበሰበ ጎማ ዞሮ እንዳይሸጥም ደንብ ተበጀለት፤ ጥቅም ላይ እንዳይውል ተደርጎ ይበላሻል።

ከዚህ ተነስቼ የምጠይቅዎ ከባድ ነገር አይደለም። ጎማ ሲሸጥ ይመዝገብ። ሻጩ ቁጥሩንና የገዢውን ስልክ ይያዝ፣ ለአምራቹም ያስተላልፍ። ዛሬ አምራቹ የመኪናውን የመጀመሪያ ገዢ ያውቅ ይሆናል። ከ3 ዓመት በኋላ ሱቅ ገብቶ ጎማ የቀየረውን ሰው ግን ማን ያውቀዋል? መኪና ሊብሬ አለው፤ ጎማ የለውም። በቁጥር ጠርታችሁ በስም እንዲመጣ መጠበቅ አይሆንም። ደግሞ ሰው ቁጥሩን አስገብቶ ተጠርቷል ወይም አልተጠራም የሚል መልስ በስልኩ የሚያገኝበት መንገድ ይኑር። ይህን ለመሥራት ምን እንደሚያስቸግር ለእኔ አይገባኝም።

የቀነ ገደቡንም ነገር ያስቡበት። በአሜሪካ ባለመኪናው ጎማውን በነፃ ለማስቀየር የተሰጠው ጊዜ ድሮ 60 ቀን ነበር፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ 180 ቀን ሆነ። ጥሪው ሲመጣ ከተገዛ ከ5 ዓመት በላይ የሆነው ጎማ ደግሞ ከነፃው አገልግሎት ውጭ ነው። ቀን መቁጠር ጥሩ። ግን ማስታወቂያው ከተለጠፈበት ቀን ነው የሚቆጠረው ወይስ ባለመኪናው ከሰማበት?

አሁን ወደ ስኮርታው። አራቱ ጎማዎቼ ነፃ ናቸው። የስኮርታው ቁጥር ግን ከተጠሩት ሳምንታት ውስጥ ነው። መኪናውን የገዛሁት ያገለገለ ሆኖ ነው። ስኮርታው አብሮ መጣ። ደረሰኝ የለኝም። የቀድሞው ባለቤትም ከየት እንደገዛው አያውቅም። ለአምራቹ ወኪል ደውዬ ነበር፤ "የግዢ ማስረጃ ይዘው ይምጡ" አሉኝ። ከመኪናው አውጥቼ ጥግ አስቀምጬዋለሁ። ያለ ስኮርታ እየነዳሁ ነው።

ለማን ልመልሰው? ይህን ቢነግሩኝ ከላይ የዘረዘርኩትን ሁሉ ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ባለመኪና