ለአባባ፦ መኪናዋን አይሽጧት

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። የጦሳ ብርድ እንዴት አድርጎዎታል?

ታናሼ ትናንት ደውሎ «አባባ የስፌት መኪናዋን ሊሸጡ ነው» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ለጃፓኑ ቫይታሚን መግዣ ነው አለኝ።

አባባ፣ የሰሙት ወሬ ውሸት አይደለም። ሜቲልኮባላሚን ይባላል፤ የቫይታሚን ቢ12 ዓይነት ነው። የእርስዎ ሕመም፣ ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች የሚያደክመው ኤ.ኤል.ኤስ.፣ ባለባቸው 130 ጃፓናውያን ላይ ተሞክሮ በፈረንጆቹ 2022 ውጤቱ ወጣ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ጡንቻ ላይ እየተወጉ 16 ሳምንት ቆዩ፤ መድኃኒቱን የተወጉት ሰዎች አቅም የሚደክምበት ፍጥነት መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት በ43 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በ2024 ጃፓን መድኃኒቱን ፈቀደች። ሳነበው እንባዬ መጣ።

ግን የተሞከረባቸው ሰዎች ሁሉ ሕመሙ ከጀመራቸው ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። የእርስዎ መቀስ ከእጅዎ የወደቀው የዛሬ ሦስት ዓመት በረመዳን፣ የዒድ ልብስ ሲቆርጡ ነው። አውራ ጣትዎ ሥር ያለው ሥጋ ጎድጉዶ አይቼ «ድካም ነው፣ ይረፉ» ያልኩዎት እኔ ነኝ። ያ ቃል ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ፒያሳ የሚሸጥልዎ እንክብል ደግሞ ሌላ ነው። ማሸጊያው ላይ 500 ማይክሮግራም ይላል፤ አንዱ የጃፓኖች መርፌ 50 ሚሊግራም፣ መቶ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ በአፍ ከተዋጠው ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂቱ ብቻ ነው። ለዚህ ብለው ገንዘብ አያውጡ። ሐኪም ያዘዘልዎን፣ ሕመሙን የሚያዘገየውን ሪሉዞል ግን እንዳያቋርጡ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ክብደትዎ ነው። ባለፈው ስመጣ ቀበቶዎ ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በስተው አየሁ። በዚህ ሕመም የከሳ ሰው ቶሎ ይዳከማል። እማማ ገንፎው ላይ ቅቤ እንዳያሳሱ፣ አጥሚቱንም ወፈር ያድርጉት፤ ትን የሚልዎ ቀጭኑ ነው። ቀና ብለው ይቀመጡ፣ ሲውጡም አገጭዎን ወደ ደረትዎ ዝቅ ያድርጉ። ያሰቡት ገንዘብ ለቅቤና ለወተት ይሁን፤ የጎደለውን እኔ እልካለሁ።

መኪናዋ አራታችንንም ያስተማረች ናት። ሐሙስ ማታ እደርሳለሁ፣ ዘይቷንም ይዣለሁ። አጠገቤ ተቀምጠው ይንገሩኝ እንጂ የዘንድሮውን የዒድ ቀሚሴን በእሷ እሰፋለሁ።

ልጅዎ